ጨርቅ የማይይዘው ጭስ

የዘሃራን ሞት የነገረችኝ ልጇ ሀያት ናት። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥሁ ስልኬ ጠራ፤ ቁጥሩን አላውቀውም። አንዲት ለጋ ድምፅ «እትዬ አስናቀች ነሽ?» አለችኝ። ነኝ ስላት እናቷ ከአጭር ሕመም በኋላ በትውልድ አገሯ በባቲ ማረፏን፣ ከተቀበረችም ሳምንት ማለፉን ነገረችኝ። አላለቀሰችም። በእናቷ ስልክ ውስጥ «አስኑ ቢቸና» የሚል ስም አግኝታ፣ ለማያውቁት ሰውም ቢሆን መርዶ መንገር አይቀርም ብላ የደወለች ትመስላለች። ነፍስ ይማር ልበል፣ አላህ ይማራት ልበል ጠፍቶኝ ሁለቱንም አልኋት። አመስግናኝ ዘጋችው። የመረጥሁትን ሽንኩርት ለሻጯ መልሼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ዘሃራ ቢቸና የመጣችው ሁለት ሺህ ዓመት በገባ ሰሞን ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ያን ጊዜ በሙያ ማሰልጠኛ ኮሌጃችን ሒሳብ አያያዝ አስተምር ነበር። አውቶ መካኒክ የሚያስተምር ሰው ከወሎ ተመድቧል ሲሉን ሁላችንም የጠበቅነው ወንድ ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም። ከመናኸሪያው እስከ ኮሌጁ ያለው ዋልካ አንድ ጫማዋን ውጦ አስቀርቶባት፣ እግሯን በፌስታል ጠቅልላ በር ላይ ቆመች። ረጅም ናት፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች። ዘበኛው ጋሽ ፈንቴ ማንን ፈልገሽ ነው ሲሏት «ሞተሮቹን» አለቻቸው። በማግሥቱ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ ወርክሾፕ ገባች። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ስሟ «ባለቱታዋ» ሆኖ ቀረ።

አንድ ግቢ ነበር የተከራየነው። ክፍሎቻችንን የሚለየው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ስታስነጥስ ይማርሽ የምላት ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። ከሥራ ስንመለስ ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጣ አስፋልቱን ታያለች። ጤፍ የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር መኪናውን አይደለም የምታየው፣ ጭሱን ነው። ጥቁር ከሆነ አየር አጥሯታል፤ ሰማያዊ ከሆነ የራሷን ዘይት እየበላች ነው፤ ነጭ ከሆነ ገና አልሞቀችም ትለኛለች። ሞተር ሁሉ ለእሷ ሴት ነበር። ውላ አድራ ሰውንም እንደዚያው ትመድብ ጀመር። የኮሌጁ ዲን ስብሰባ ላይ ሲቆጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ትልና «አየር አጥሯቸዋል» ትላለች። እሷ ራሷ የከፋት ቀን ደግሞ እንዴት ዋልሽ ስላት፣ «ዘይቴን እየበላሁ ዋልሁ» ትለኛለች።

የሚከፋት በልጇ ነበር። ባሏ የጂቡቲ መንገድ ሾፌር ነበር፤ ልጅቷ ጡት ሳትጥል ሌላ አግብቶ ቀረ። ዘሃራ ሀያትን ባቲ እናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው፤ ለሁለት ዓመት ብላ። ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው ዝውውር መጠየቅ ይችላል። ጠየቀችም። የተሰጣት መልስ ተተኪ ሳይገኝ ባለሙያ አይለቀቅም የሚል ነው። ተተኪ ከየት ይምጣ? ሞተር የሚያውቅ ሰው ጋራዥ ከፍቶ ይኖራል እንጂ ቢቸና ድረስ ሊያስተምር አይመጣም። ጥላ እንዳትሄድ፣ መልቀቂያ የሌለው መምህር ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቀጥረውም፤ እናቷንና ልጇን የሚያበላው ደግሞ ያ ደመወዝ ነው። በየመንፈቁ ዲኑ ቢሮ ገብታ ትወጣለች። ስትወጣ ፊቷን አይቼ መጠየቅ ተውሁ።

ዲኑ አቶ ስመኘው ክፉ ሰው አልነበሩም። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ገብቼ ስለ እሷ ብለምናቸው፣ «አንቺ ለእሷ መልቀቂያ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔን ከዚህ ወንበር ማን ይልቀቀኝ?» አሉኝ። እሳቸውም ቤተሰባቸው ባሕር ዳር ነበር።

ከዚያ የዘይቱ ነገር መጣ። ናፍጣ የሚጠፋበት ዘመን ነበር፤ ማደያው ፊት የበርሜል ሰልፍ አይጠፋም። በየቦረቦሩና በየአጥሩ ጉሎና ሌላም የዘይት ተክል ይተከል፣ ከፍሬው ነዳጅ ይወጣል ተባለና ለኮሌጃችን አንድ የናፍጣ ሞተር ተላከ፤ በተክል ዘይት እየሠራ እንዲሞከር፣ ከዚያም ወፍጮ እንዲያዞር። ዲኑ ዘሃራን ጠሯት። በእሷ አገር አይደርቄ የሚሉት ተክል በየቤቱ አጥር ነው፤ ፍሬው ዘይት እንዳለው ልጅ ሆና እያቃጠለች ስትጫወት አይታዋለች። አቶ ስመኘው ይህን ሥራ ከዳር አድርሰሽ አስረክቢ፣ መልቀቂያሽን በገዛ እጄ እፈርማለሁ አሏት። የዚያን ዕለት እየሮጠች መጥታ በሬን አንኳኳች። እንዲያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም።

እናቷ በአውቶቡስ የአይደርቄ ፍሬ በጆንያ ይልኩላት ጀመር። የጉሎው ዘይት ወፍራም እየሆነ አስቸገራት፤ የባቲው ተሻለ። ትጨምቀዋለች፣ አልኮልና ካስቲክ ሶዳ ቀላቅላ ታሞቀዋለች፣ ወፍራሙ ሥር ሲዘቅጥ ላዩን ቀድታ በውኃ ታጥበዋለች። ስንቱን ገንቦ ደፍታ ስንቱን እንደገና እንደጀመረች እሷ ናት የምታውቀው። ሞተሩ በዚያ ዘይት ሲነሳ የሚተፋው ጭስ ናፍጣ ናፍጣ አይሸትም፤ ፓስቲ የሚጠበስ ይመስላል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና ተማሪዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚውሉ ናቸው፤ በዚያ ሽታ ስንቱ ምራቁን ዋጠ። ጋሽ ፈንቴ፣ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት የቆዩ ናቸው፣ በር ላይ ሆነው «ሞተሩስ ጭሱን ለቀቀ፤ ሰው የማይለቅ ኮሌጁ ነው» ይሉ ነበር። ዘሃራ ይህን ስትሰማ ሰሙንም ወርቁንም ይዛ ትስቅ ነበር።

ታዋቂ ያደረጋት ጨርቁ ነው። ልዩነቱን ለተማሪዎቿ ለማሳየት ከአንድ አቡጀዲ ሁለት ቁራጭ ቀደደች። አንዱን ሞተሩ በናፍጣ ሲሠራ ጭስ ማውጫው ላይ አሰረችው፤ ሌላውን በዘይቱ ሲሠራ። የናፍጣው እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። የዘይቱ ሻይ የፈሰሰበት ያህል ብቻ ነው ወየብ ያለው። አቶ ስመኘው ሁለቱን ጨርቆች በመስታወት አስገጥመው ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሏቸው። ከዚያ በኋላ ከወረዳም ከዞንም የመጣ እንግዳ ሁሉ ጨርቁን ሳያይ አይሄድም። ዘሃራም ቱታዋን አጥባ፣ አዲስ አቡጀዲ ቀድዳ ታስርላቸዋለች። ያየ ሰው ሁሉ «ንጹሕ ጭስ» እያለ ይወጣል። ቃሉ የእሷ አልነበረም። ከማን አፍ እንደወጣ አይታወቅም፤ ከተማውን ግን ሞላው።

እሷ ግን እያደር ዝም ማለት አበዛች። ከወርክሾፕ ስትወጣ ዓይኗ ይቀላል፤ ማታ ግድግዳው ወዲያ ስታስል እሰማታለሁ። ምነው ስላት፣ ከናፍጣው ይልቅ የዚህኛው ጭስ ዓይን እንደሚቆጠቁጥ፣ አንዳንድ ቀን ራሷን እንደሚያዞራት ነገረችኝ። የሞተር ጭስ ውስጥ ጥቀርሻ ብቻ አይደለም ያለው አለችኝ። ቀለም የሌለው አለ፣ ሽታ የሌለውም አለ። ዘይቱ አንዱን ይቀንሳል፣ ሌላውን ምናልባት ይጨምራል። መለኪያ መሣሪያ ሲኖር ነው የሚታወቀው፤ ይላክልኝ ብላ ጠይቃለች፣ ይመጣል ተብላ ትጠብቃለች። «ጨርቅ የሚይዘው የሚታየውን ነው፣ አስኑ» አለችኝ። ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም ስላት እጇን ትጠርግበት የነበረውን ብጫቂ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ «ካስረከብሁ በኋላ» አለች።

ሞተሩ የተተከለው ሞጣ ነው። ወይዘሮ የሺ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተደራጅተው የሚያሠሩት ወፍጮ ቤት ነበር፤ የድሮ ሞተራቸው ተሰብሮ ቆሟል። ቤቱ ድንጋይ ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ጠባብ መስኮት። ዘሃራ ሄዳ አይታ፣ የጭሱ ቧንቧ ጣሪያውን አልፎ ሽቅብ መውጣት አለበት ብላ መጣች። የተላከው ቧንቧ ግን አጭር ነበር። ሌላ እስኪመጣ አይነሳ አለች። የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል፣ እንግዶች ተጠርተዋል ተባለች። ግድግዳውን በስታ ቧንቧውን በጎን አወጣችው፤ መስኮቱና በሩ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን ብላ ወይዘሮ የሺን አስጠነቀቀቻቸው። እሺ አሏት። ሞተሩ ተነሳ፣ ተጨበጨበ፣ ጤፍ ተፈጨ።

በየጊዜው እየሄደች ታየው ነበር። አንድ ሁለቴ አብሬያት ሄጃለሁ፤ በደብረ ወርቅ በኩል መኪናው እንደ ጀልባ እየተንገዋለለ ነው የሚደርሰው። ወይዘሮ የሺ ከእጇ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም ነበር። ሴት ልጅ ብረት ስትፈታ ማየት እንደ ተአምር ነው የሚሆንባቸው። አንተ እያሉ የሚጠሩትን ሞተር እሷ አንቺ ስትለው ይስቃሉ። «የሰው አገር ልጅ ናት» እያሉ ከሌማታቸው ሳያበሏት አይሰዱም፤ ሥጋ ያለበት ቀን ብቻ እያፈሩ ድንች ይቀቅሉላታል።

አደጋው የደረሰ ዕለት እኔ አልነበርሁም፤ የነገሩኝ ሁለቱም ናቸው፣ ዘሃራም ወይዘሮ የሺም። ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከነፋስ ጋር እየገረፈ ዱቄቱን ሲያርስባቸው በሩን ዘጉት። መስኮቱ ላይ ማዳበሪያ ሰቀሉ። ቧንቧው በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያም ዝናብ ይገባ ስለነበር በጆንያ ወተፉት። ውስጥ አስፈጪዎች ተጠልለዋል። ሞተሩ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚስበው አየር እያነሰው ሄደ፤ ቧንቧውም መጋጠሚያው ላይ ላልቶ ነበር። ጭሱ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ያስነጥስ፣ ያስወጣ ነበር። እሱ ግን ስስ ነው፣ የፓስቲ ሽታ አለው። ራስ ምታቱን ከብርዱ ነው አሉት። አንዷ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ ብላ ጆንያ ላይ ተደገፈች።

ዘሃራ ከቢቸና የመጣችበት መኪና ያደረሳት ያን ጊዜ ነው። ከውጭ ሆና የሞተሩ ድምፅ ተለወጠባት። በሩን ብትገፋው አልከፈት አላት፤ ከውስጥ የወደቀ ሰው ይዞታል። በትከሻዋ ገፍታ ገባች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ የማዳበሪያውን ጆንያ ቀድዳ ጣለች። በሩ ሥር የወደቁት ወይዘሮ የሺ ራሳቸው ነበሩ፤ ሊከፍቱ ሲነሡ ጉልበታቸው ከዳቸው። አቅፋ ዝናቡ ላይ አስተኛቻቸው። ተመልሳ ጆንያው ላይ የተደገፈችውን፣ ጥሩወርቅ የምትባለውን ሙሽራ አወጣች። ሌሎቹ እየተንገዳገዱ ወጡ። እሷ ራሷ ጭቃው ላይ ተንበርክካ አስታወከች።

ሁለቱም ተረፉ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ወይዘሮ የሺ ዓይናቸውን ሲገልጡ አጠገባቸው ያገኙት እሷን ነው። በሩን ክፍት ተዉት ብዬዎት አልነበረም ወይ አለቻቸው። ያለቻቸውም እያለቀሰች ነው፤ መቆጣቷ አይደለም። ወይዘሮ የሺ ቀስ ብለው መለሱ።

«ብለሽኛል፣ ልጄ። ግን ንጹሕ ነው አላችሁን። ንጹሕ ባይሆንማ እኔ በሩን መች እዘጋው ነበር?»

ይህን ቃል እየደጋገመች ነገረችኝ። አላችሁን አሉ፤ አልሽን አላሉም፣ አለችኝ። እኔ አላልሁም፤ ሲሉ ግን ሰምቼ አቡጀዲ ሳስርላቸው ነበር። በዚያ ሰሞን እህል ከአፏ አልገባም፤ ሳሏም ብሶባታል። ከግድግዳው ወዲያ ስትመላለስ ኮቴዋን እየሰማሁ ነው የማድረው። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ሳጥን፣ አንድ ወንበር፤ በመሀላቸው ያለው ቦታ ለአንድ ሰው መዞሪያ ብቻ ነው።

አቶ ስመኘው ጠርተው ያሏትን መጥታ ነገረችኝ። አደጋው የደረሰው በር በመዘጋቱ ነው፤ ከዘይቱ ጋር ምን አገናኘው፣ በናፍጣም ቢሆን ያው ነበር አሏት። እውነት አላቸው አለች፤ እኔም የምለው ይኸንኑ ነው፣ ያው ነው። እሳቸው ግን ቀጥለው፣ የሚቀጥለው ወር የርክክቡ ቀን ነው፤ ከክልል እንግዳ ይመጣል። ተተኪ ተገኝቷል፤ መልቀቂያሽ ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው አሏት። ጨርቁን ታስሪያለሽ፣ ታሳዪያለሽ፣ ትሄጃለሽ። ሥራው ችግር አለበት ከተባለ ግን እንደገና ይጠና ይባላል፤ እንደገና ከተጠና ደግሞ አጥኚዋ አንቺ ነሽ። ማስፈራራታቸው አልነበረም። የነገሯት የሚሆነውን ነው።

ምን ልታደርጊ ነው አልኋት። ሀያት መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ እኔ ነኝ እጇን ይዤ የማስገባት ብዬ ለእናቴ ነግሬያለሁ አለችኝ።

የርክክቡ ዕለት ኮሌጁ ተጠርጎ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ወንበር ተደርድሮ ነበር። ለማሳያ ሌላ ሞተር ወጥቷል። እኛ መምህራን ከኋላ ቆመናል። ዘሃራ ሞተሩን አስነሳች፤ በናፍጣ ጨርቅ አሰረች፣ ፈታች፤ በዘይቱ አሰረች፣ ፈታች። ሁለቱንም ዘርግታ ለእንግዳው አቀበለቻቸው። ሰውየው ረጋ ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ናቸው። ጨርቆቹን አገላብጠው አዩና በደስታ ጠየቁ።

«እንግዲህ ይኼኛው ሰው አይጎዳም ማለት ነው?»

ዲኑ ቀድመው አዎ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ዘሃራ ጎንበስ ብላ ሞተሩን አጠፋችው።

«ይጎዳል» አለች። «ጥቁሩ ቀንሷል፤ ያ እውነት ነው፣ ደክሜበታለሁ፤ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ጨርቅ የማይይዘው አለ። እሱ ሞጣ ላይ ሁለት ሴቶች ጥሏል። ንጹሕ ነው ስላልናቸው ነው በሩን የዘጉት። ከተክል ይምጣ ከናፍጣ፣ የሞተር ጭስ ቤት ውስጥ ከታፈነ ይገድላል። ጣሪያ የሚያልፍ ቧንቧ ሳይኖረው የትም አይተከል።»

ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሞጣ ላይ ምን እንደደረሰ ማንም እንዳልነገራቸው ያስታውቅ ነበር። ጥቂት ጥያቄ ጠየቋት፤ መለሰች። ጨርቆቹን መልሰው አስረከቧት። ንግግር ሲያደርጉ ሥራው ተስፋ ያለው መሆኑን፣ ሆኖም ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልገው ተናገሩ። አቶ ስመኘው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ምሳ ሲቀርብ ዘሃራ አልነበረችም። ወርክሾፕ ውስጥ ተማሪዎቿን ሰብስባ የተጣለ የውኃ ቧንቧ እያስቆረጠች አገኘኋት። የብየዳው ብልጭታ ፊቷን ሲያበራው፣ ያለቀሰች እንደሆነ ለማየት ሞከርሁ። አልለየሁትም።

ያን ቧንቧ ሞጣ ወስዳ ተከለችው። የወፍጮ ቤቱን ጣሪያ ቀድዶ ሽቅብ ወጣ፤ ሞተሩም ወደ ናፍጣ ተመለሰ፣ ዘይት የሚልክ ስለሌለ። በየአጥሩ የተተከለው ጉሎ ፍሬው እየረገፈ ቀረ። ተጨማሪ ጥናት የተባለው ሳይጀመርም ሳይዘጋም ዓመት ዓመትን ወለደ። ያልተዘጋ ሥራ ያለባት ባለሙያ ደግሞ አትለቀቅም። ተገኘ የተባለውም ተተኪ ሌላ ቦታ ተመደበ።

መስከረም ላይ ሀያትን ትምህርት ቤት ያስገቧት አያቷ ናቸው።

ዘሃራ ከዚያ በኋላ አራት ክረምት ባቲ ደርሳ ተመልሳለች። በተመለሰች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየቀነሰች የመጣች ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛው ክረምት ላይ ይመስለኛል፣ ሻንጣዋን ሳትፈታ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ልጄ ምን አለችኝ መሰለሽ አለችኝ። አምስት ቀን አብረው ከዋሉ ካደሩ በኋላ፣ ሀያት ወተቷን እየጠጣች ቀና ብላ፣ ወደ ቤትሽ መቼ ነው የምትሄጂው ብላ ጠይቃታለች። በክፋት አይደለም፤ እንግዳ ስለሚጠየቅ ነው። ነገርሻት ወይ፣ ለምን እንደቀረሽ ነገርሻት ወይ አልኋት። «ሥራ ነው አልኋት» አለችኝ። ሌላውን ብነግራት ምን ትላለች? የሰው እናት ከምትታፈን እኔ ያለ እናት ልደግ ትበል? ልጅ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር አይጫንባትም።

ቢቸና ላይም ቀላል አልሆነላትም። በእሷ ምክንያት ከተማው ፕሮጀክት አጣ የሚሉ ነበሩ። ሹመት ያጣ ሰው ሁሉ በእሷ ያመካኛል። እሷ ግን ወፍጮ ቤት ያለበት ቀበሌ ሁሉ እየሄደች ጣሪያ ቀና ብላ ታያለች። ቧንቧው አጭር ከሆነ ገብታ ባለቤቱን ታነጋግራለች። አንዳንዱ ያባርራታል፤ አንዳንዱ አንቺ ምን አገባሽ ይላታል። በማግሥቱ ከተማሪዎቿ ጋር ቧንቧ ተሸክማ ትመጣለች። አንድ ቀን እንዲህ ስትደክም አይቼ፣ የሚያስሩሽን ሰዎች ነው የምትረጂው ብላት ተቆጣችኝ። ያሰረኝ የሺ ናቸው እንዴ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ብያት አላውቅም።

የተለቀቀችው አቶ ስመኘው ሲቀየሩ ነው። አዲሱ ዲን ወጣት ነው፤ የድሮ ፋይል ሲያገላብጥ መልቀቂያዋን ተጽፎ ሳይፈረም አገኘው። ይቺ ሴት ለምን እስካሁን አልሄደችም ብሎ ጠየቀና ፈረመው። ብዕር አንስቶ እስኪያስቀምጥ ነው የፈጀው። ዘሃራ ወረቀቱን ይዛ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ሳቅፋት ሰውነቷ እንደ እንጨት ነበር። ሀያት አሥር ዓመት አለፋት አለችኝ። እጇን ይዤ የማስገባት የት ነው አሁን?

መናኸሪያ የሸኘኋት እኔና ጋሽ ፈንቴ ነን። ከዚያ በኋላ በበዓል በበዓል እንደዋወላለን፤ እኔ ለኢድ፣ እሷ ለፋሲካ። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ እየሠራች ከልጇ ጋር እንደምትኖር፣ ሀያት ጎበዝ እንደሆነች፣ ዝምተኛም እንደሆነች ትነግረኛለች። ተቀራረባችሁ ወይ ስላት፣ «እየሞቀች ነው» ትለኝ ነበር።

መርዶውን ከሰማሁ በሦስተኛው ቀን ሞጣ ሄድሁ። ወይዘሮ የሺ ዓይናቸው ደክሟል፤ ወፍጮውም አሁን በመብራት ነው የሚሠራው። ገና ሳልቀመጥ ፊቴን አይተው ማነው አሉኝ። ነገርኋቸው። ከዚያ በእስላም ወግ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረግ ጠየቁኝ፤ እንደማላውቅ ነገርኋቸው። «እንግዲያው በምናውቀው እናልቅስላት፤ እሷ ትቀበለናለች» አሉ። ጎረቤት ጠሩ። ሳሩ ላይ ሰሌን ተነጠፈ። ጥሩወርቅ ሦስት ልጆቿን ይዛ መጣች፤ በዚያ ዝናብ ቀን ወፍጮ ቤት የነበሩት በሕይወት ያሉት ሁሉ መጡ። ጥቁር ለብሰው ተቀመጡ። አንዷ እያነሣች ሙሾ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ሰማያዊ ቱታዋን ያነሡላታል፣ ትከሻዋን ያነሡላታል። ባቲ ያለ ሰው ግን ይህን አያውቅም።

ሲመሽ ሰው ቀለል ሲል፣ ወይዘሮ የሺ ልጅ አላት አይደል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላት አልኋቸው። ስልክ ደውይልኝ አሉኝ። ደወልሁና ድምፁን ከፍ አድርጌ መሀላችን አስቀመጥሁት። ሀያት አነሣች፤ አሁንም ያው የተቆጠበ ድምፅ ነው። ወይዘሮ የሺ ወደ ስልኩ አጎነበሱ።

«ልጄ፣ እኔ የሺ እባላለሁ፤ ሞጣ ነው ያለሁት። አታውቂኝም። እናትሽ አቅፋ ከሞት ያወጣችኝ ሴት ነኝ። በእኔ ምክንያት ነው ከአንቺ የዘገየችው።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ላነሣ ስል፣ ሀያት ስትተነፍስ ሰማኋት። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፤ ገበያ ውስጥ የሰማሁት አይደለም፣ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነው።

«እማማ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ወይዘሮ የሺ ስልኩን በሁለት እጃቸው አነሡት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እግራቸውን ሰሌኑ ላይ ሰብስበው ተቀመጡ።

«ሐምሌ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ዝናቡ ጠዋት ነው የጀመረው…»